ሥራው ይተላለፋል፣ ዕዳው ግን ይቀራል፦ ለግብር ሥራ ከነጻ ባለሙያ ጋር ስለሚደረግ ውል

ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በእንዲህ ያለ መድረክ ላይ እምብዛም የሚነሣ አይደለም። አንድ ነጋዴ ወይም አንድ አነስተኛ ድርጅት የግብር ሥራውን የሚሠራለት የሒሳብ ባለሙያ ይፈልጋል። በደመወዝ እንዳይቀጥር ወይ አቅሙ አይፈቅድም፣ ወይ ሥራው የወር ሙሉ ሥራ አይሆንም። ስለዚህ በየወሩ መጥቶ ደረሰኙን ሰብስቦ፣ ሒሳቡን ዘግቶ፣ የታክስ ማስታወቂያውን አቅርቦ የሚሄድ ሰው ይይዛል። ሁለቱ አንድ ወይም ሁለት ገጽ ወረቀት ይፈራረማሉ። የዛሬው ንግግሬ ስለዚያች ወረቀት ነው።

ወረቀቷ ትንሽ ናት ብለን የምንንቃት አይደለችም። ከእናንተ መካከል የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎች የሆናችሁ በተመረቃችሁ በዓመቱ እንዲህ ያለ ውል ሊቀርብላችሁ ይችላል፤ የሕግ ተማሪዎች ደግሞ አርቅቁልን ትባላላችሁ። ባለፉት ዓመታት ሰዎች አንብብልን እያሉ ያመጡልኝን ውሎች ሳይ ሁለት እምነቶች ተደጋግመው ያጋጥሙኛል። አንደኛው፣ «ይህ ውል የቅጥር ውል አይደለም» ብሎ መጻፍ ግንኙነቱን ከቅጥር ያወጣዋል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ የሒሳብ ባለሙያው ከፈረመ በኋላ የግብሩ ኃላፊነት ወደ እርሱ ዞሯል የሚለው ነው። ሁለቱም በሕጉ ፊት አይጸኑም። ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍለው ሁለተኛው በመሆኑ ረዘም አድርጌ የምቆየው በእርሱ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ከፊተኛው ልጀምር፤ ወጣቶችን ይበልጥ የሚጎዳው እርሱ ነውና።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 4 የሥራ ውል መቼ እንደተመሠረተ ሲናገር ስለ ወረቀቱ ርእስ አንዳች አይልም። የሚጠይቀው አንድ ሰው በደመወዝ፣ ለአሠሪው፣ በአሠሪው መሪነት ለመሥራት ተስማምቷል ወይ የሚለውን ነው። ያው አዋጅ በአንቀጽ 3 ንዑስ አንቀጽ 2 በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራን ሰው ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጎታል። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ም መለኪያው የተቀራረበ ነው፤ ተቀጣሪ ማለት በሌላ ሰው አመራርና ቁጥጥር ሥር አገልግሎት የሚሰጥ ግለሰብ ሲሆን፣ ሥራውን የሚያከናውንበትን መንገድ ራሱ የሚወስን ግን ከዚህ ትርጓሜ ውጭ ነው። እንግዲህ ዳኛውም ሆነ የግብር ኦዲተሩ የሚያዩት ሰውየው በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ነው። ሰዓቱን የሚወስነው ማን ነው? ኮምፒዩተሩና ሶፍትዌሩ የማን ናቸው? በሌላ ሰው ሊያሠራው ይችላል? ሌሎች ደንበኞች አሉት? ሥራውን ቢያበላሽ ድጋሚ የሚሠራው በራሱ ኪሳራ ነው ወይስ ወርኃዊ ክፍያው እየሄደለት?

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ይዞልኝ የመጣው ውል «የምክር አገልግሎት ውል» የሚል ርእስ ነበረው። ውስጡን ስናነብ ግን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30 በቢሮ መገኘት፣ ለመቅረት የፋይናንስ ኃላፊውን ማስፈቀድ፣ ለሌላ ድርጅት አለመሥራት የሚሉ ግዴታዎች ተደርድረውበታል። ክፍያው በወሩ መጨረሻ የሚሰጥ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ነው። ይህ ወጣት ነጻ ባለሙያ የሆነው በወረቀቱ ርእስ ላይ ብቻ ነው፤ ከርእሱ በታች ያለው ሁሉ ሠራተኛ መሆኑን ይመሰክራል።

ልዩነቱ የስም ጉዳይ እንዳልሆነ በቁጥር ልየው። ወርኃዊ ክፍያው 15,000 ብር ነው እንበል። ሠራተኛ ቢሆን፣ በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ መሠረት አሠሪው 11 በመቶ፣ እርሱ ራሱ 7 በመቶ ያዋጡ ነበር። የአሠሪው ድርሻ በወር 1,650 ብር፣ በዓመት 19,800 ብር ይሆናል። ርእሱን በመቀየር ብቻ ይህ ገንዘብ ለወጣቱ እርጅና መሆኑ ቀርቶ ከአሠሪው ካዝና ሳይወጣ ይቀራል። በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀን የሚሆነው የዓመት ዕረፍት፣ የሕመም ፈቃድ፣ የሥራ ስንብት ክፍያ፣ ያለ በቂ ምክንያት ከመሰናበት የሚገኘው ጥበቃ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ለሴት ተማሪዎቻችን ደግሞ የ120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ይጨመርበታል።

አሠሪውም ቢሆን ያተረፈ የሚመስለው ለጊዜው ነው። ግንኙነቱ ቅጥር ሆኖ ከተገኘ ከደመወዙ ሊቀንስ ይገባው የነበረውን ግብር ሳይቀንስ በመቅረቱ በግሉ ተጠያቂ ይሆናል፤ ያልተከፈለው የጡረታ መዋጮም ከነቅጣቱ ይጠየቃል። የሚገርመው፣ ይህ ስሕተት የሚፈጸመው ድርጅቱን ከግብር ቅጣት እንዲጠብቅ በተያዘው ሰው ውል ላይ መሆኑ ነው።

አሁን ባለሙያው በእውነት ነጻ ነው ብለን እንነሣ። የራሱ ቢሮ፣ የራሱ መሣሪያ፣ የራሱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ አምስት ወይም ስምንት ደንበኞች አሉት። ውሉ በየትኛው ሕግ ይገዛል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 2610 ጀምሮ በራስ ኃላፊነት የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት ስለሚደረግ ውል፣ ከአንቀጽ 2632 ጀምሮ ደግሞ የእውቀት ሥራን ስለመከራየት ይናገራል። የግብር ሥራ በዋነኛነት የሚወድቀው በሁለተኛው ነው። ነገር ግን ባለሙያው ግብር ቢሮ ቀርቦ ስለ ደንበኛው ሲናገርና ሲፈርም ከአንቀጽ 2199 ጀምሮ የተደነገገው ውክልና ይገባበታል። እነዚህ ሁለቱ ተለይተው መጻፍ አለባቸው። ማስታወቂያ የማዘጋጀት ውል በራሱ የመወከል ሥልጣን አይሰጥም። ውክልና ቢኖርም እንኳ በአንቀጽ 2205 መሠረት ለመታረቅ ወይም ክስ ለመመሥረትና ለመከላከል ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። በጠቅላላ ውክልና ብቻ በደንበኛው ስም የታክስ ክርክርን በስምምነት ልዝጋ የሚል ባለሙያ ያለ ሥልጣኑ እየሠራ ነው።

ከዚህ ቀድሞ የሚመጣ ጥያቄም አለ። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት የሌላውን ሰው የታክስ ማስታወቂያ በክፍያ ማዘጋጀት፣ ቅሬታ ማቅረብና በታክስ ባለሥልጣኑ ፊት መወከል የታክስ ወኪልነት አገልግሎት ነው፤ ይህም ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ የውሉ የመጀመሪያ አንቀጽ ሊያረጋግጥ የሚገባው ባለሙያው ፈቃድ ያለው የታክስ ወኪል መሆኑን፣ የፈቃዱን ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀን፣ ፈቃዱ ቢታገድ ወይም ቢሰረዝ በስንት ቀን ውስጥ ለደንበኛው እንደሚያሳውቅ ነው። በከተማችን «የሒሳብ ሠራተኛ» እየተባሉ ያለ ፈቃድ ከሱቅ ሱቅ የሚሠሩ ብዙዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ሥራቸው መጥፎ ነው እያልሁ አይደለም፤ አንዳንዶቹ ፈቃድ ካላቸው የተሻሉ ናቸው። ነገር ግን ነገር የተበላሸ ቀን ደንበኛው በእጁ የሚቀረው ውል ሕግ ከከለከለው ሥራ ላይ የቆመ ይሆናል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1716 ደግሞ ሕገ ወጥ ግዴታን ያዘለ ውልን አያጸናም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ግብር በሕግ የሚጣል ግዴታ ነው፤ ሕጉም ግብር ከፋዩን ለይቶ ያውቀዋል። ሁለት ሰዎች ተፈራርመው ያንን ግዴታ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያዛውሩት አይችሉም። «ለሚጣለው ግብርና ቅጣት ሙሉ ኃላፊነቱ የሒሳብ ባለሙያው ነው» የሚል አንቀጽ ለገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ባዶ ቃል ነው፤ የውሳኔ ማስታወቂያው የሚደርሰው ለነጋዴው ነው፣ የባንክ ሒሳቡ የሚታገደውም የነጋዴው ነው። አንቀጹ ሊሠራ የሚችለው በሁለቱ መካከል ብቻ፣ ነጋዴው ከፍሎ ባለሙያውን ካሣ በሚጠይቅበት ጊዜ ነው። በዚያም ጊዜ ቢሆን እንደተጻፈው አይሠራም። ለምን?

እንበል፣ ባለሙያው አንድ ትልቅ ሽያጭ ሳይመዘግብ ቀርቶ የ200,000 ብር ግብር ጎደለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኦዲት መጣ። የሚጠየቀው ገንዘብ ሦስት ዓይነት ነው። ፍሬ ግብሩ 200,000 ብር ነው። ግብርን አሳንሶ ማስታወቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አዋጁ የጎደለውን 10 በመቶ ቅጣት ይጥላል፤ ይህም 20,000 ብር ነው። በሦስተኛ ደረጃ ወለድ አለ፤ ይህም ከከፍተኛው የባንክ ማበደሪያ ወለድ በላይ ሆኖ የሚሰላ ስለሆነ በሦስት ዓመት ብዙ ይሆናል። ነጋዴው ሦስቱንም አንድ ላይ ደምሮ ከባለሙያው ይጠይቃል። እኔ ግን ፍሬ ግብሩ ጉዳት ነው ብዬ አላምንም። ሥራው በትክክል ቢሠራ ኖሮ ነጋዴው ያንን 200,000 ብር ያኔውኑ ይከፍል ነበር፤ ስለዚህ በባለሙያው ጥፋት ያጣው አንዳች ነገር የለም። ጉዳቱ ቅጣቱና ወለዱ ነው። በወለዱም ላይ ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ ነጋዴው ገንዘቡን ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሠራበት ቆይቷልና።

ፍሬ ግብሩ ራሱ ጉዳት የሚሆንባቸው ጊዜያትም አሉ። በታክስ ውሳኔ ላይ ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ውሳኔው ስሕተት ሆኖ ሳለ ባለሙያው ቀኑን ካሳለፈው፣ ነጋዴው ሊከፍለው የማይገባውን ግብር ይከፍላል። ያኔ ጠቅላላው ገንዘብ ካሣ ሊሆን ይገባል። እንግዲህ ሁሉንም በባለሙያው ላይ በጅምላ ከሚጭን አንቀጽ ይልቅ ፍሬ ግብርን፣ ቅጣትንና ወለድን ለየብቻ እየጠራ የትኛው በማን ጥፋት በማን ላይ እንደሚወድቅ የሚናገር አንቀጽ ለነጋዴውም ይጠቅመዋል፤ ለዳኛው የሚነበብ ነገር ያስቀምጣልና።

ጥፋት የሚለውን ቃል ያነሣሁት በምክንያት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2031 ማንም ባለሙያ የሙያውን ደንብ ሊጠብቅ እንደሚገባው ይደነግጋል። በአንቀጽ 1887 ተዋዋዮች ኃላፊነታቸውን ሊወስኑ፣ ጥፋት ካልፈጸሙ በቀርም አንጠየቅም ሊሉ ይችላሉ። በውሉ ውስጥ ገደብ ማበጀት፣ ለምሳሌ የካሣው ጣሪያ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ክፍያ ይሁን ማለት፣ በወር 5,000 ብር ለሚከፈለው ባለሙያ ተገቢ ነው እላለሁ። ያለዚያ ልምድ ያለው ሰው ሥራውን አይቀበልም፤ የሚቀበለው ምንም የሌለው ወይም የፈረመውን ያላነበበ ይሆናል።

የባለሙያውን ጥፋት ከደንበኛው ጥፋት ለመለየት ደግሞ ውሉ ደረሰኝን መከተል አለበት። በአገራችን የግብር ሥራ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ስሌት ላይ ሳይሆን ከስሌቱ በፊት ነው። ነጋዴው የወሩን ደረሰኝ በመጨረሻው ቀን፣ አንዳንዴም በፌስታል ጠቅልሎ፣ ከፊሉን ደብቆ ያመጣል። ማስታወቂያ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ የታክስ ጊዜ ያልተከፈለው ግብር 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ ድረስ ቅጣት አለ። ይህ ቅጣት የማን ነው? ውሉ «ደንበኛው ሰነዱን በጊዜ ያቀርባል» ካለ ምንም አላለም። «የወሩን የሽያጭና የግዢ ደረሰኝ፣ የባንክ መግለጫና የደመወዝ ዝርዝር ቀጣዩ ወር በገባ በአሥር ቀን ውስጥ፣ በዝርዝር ተፈርሞበት ያስረክባል» ካለ ግን መልሱ በፊርማው ላይ ተጽፏል። የርክክብ ዝርዝሩ ባለሙያውን ካላየው ደረሰኝ ተጠያቂነት ያድነዋል፤ ደንበኛውንም «አልሰጠኸኝም» ከሚል መልስ ያድነዋል።

እዚህ ላይ የአዋጅ 983/2008 አንቀጽ 22 በተግባር የተዘነጋ ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ማስታወቂያውን ያዘጋጀ ፈቃድ ያለው ወኪል መዝገቡንና ሰነዱን መርምሮ እስከሚያውቀው ድረስ ትክክል መሆኑን የሚገልጽ ማረጋገጫ ለደንበኛው ይሰጣል፤ ካላመነበት ደግሞ የማይሰጥበትን ምክንያት በጽሑፍ ይገልጻል። ውሉ ይህን የእምቢታ መብት በግልጽ መጥራት አለበት፤ እምቢ በማለቱም የተሠራበት ክፍያ እንደማይቀርበት መናገር አለበት። ወጣት ባለሙያዎች «ደንበኛዬን አጣለሁ» ብለው የማያምኑበትን ቁጥር ሲያስገቡ የሚታየው ይህ አንቀጽ በውላቸው ስለሌለ ነው።

ስለ ክፍያም አንድ ነገር ልበል። ከወጪዎች ሁሉ አደገኛው «ግብሩን ባስቀነስሁት መጠን በመቶኛ ይከፈለኛል» የሚለው ነው። ባለሙያውን ከሕጉ ይልቅ ለቅናሹ ታማኝ ያደርገዋል። «አስጨርሳለሁ» የሚል ሰው የሚያስጨርሰው በምን እንደሆነ ውሉ ላይ አይጻፍም፤ ሊጻፍም አይችልም። ክፍያው በየሥራው ተለይቶ ይቀመጥ፤ ወርኃዊው የተጨማሪ እሴት ታክስና የደመወዝ ግብር ለብቻው፣ ዓመታዊው የንግድ ትርፍ ግብር ለብቻው፣ ኦዲት ቢመጣ መገኘት ለብቻው። ከክፍያው ላይ ተቀንሶ ስለሚያዘው ግብር ስትጽፉ መጠኑን በቁጥር አታስቀምጡ። አዋጁ በ2008 ዓ.ም. ሲወጣ ከ3,000 ብር በላይ በሆነ የአገልግሎት ክፍያ ላይ 2 በመቶ ነበር፤ አዋጁ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። «በክፍያው ቀን በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት» የሚለው ሐረግ ይበቃል።

የመጨረሻው የመለያየት ጉዳይ ነው። ባለሙያው በሚሄድበት ቀን ሥራው አያልቅም። ባለሥልጣኑ የቀረበን ማስታወቂያ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ሊያሻሽል ይችላል፤ ማጭበርበር ካለበት ደግሞ ጊዜው አይገድበውም። የውሳኔውን ስሕተት የማስረዳት ሸክም የግብር ከፋዩ ነው። ስለዚህ ሰነዱ የሌለው ግብር ከፋይ እውነት ቢኖረውም ክርክር የለውም። ውሉ መዝገቡ፣ ደረሰኙና የኤሌክትሮኒክ ፋይሉ የደንበኛው ንብረት መሆናቸውን፣ ባለሙያው ክፍያ ቀረብኝ ብሎ እንኳ ሊይዛቸው እንደማይችል፣ በስንት ቀን እንደሚያስረክብ ይጻፍበት። ላልተከፈለው ክፍያ ፍርድ ቤት አለ። በኢንተርኔት ማስታወቂያ የሚቀርብበት የይለፍ ቃልም እንዲሁ ነው። ብዙ ነጋዴዎች የይለፍ ቃላቸውን አያውቁትም፤ የተመዘገበው ስልክና ኢሜይል የሒሳብ ሠራተኛው ነው። ከተጣሉ በኋላ የውሳኔ ማስታወቂያው የሚደርሰው ለተጣላው ሰው ነው፤ 21ዱ ቀንም በዚያው ያልቃል። አድራሻው ከመጀመሪያው ቀን በደንበኛው ስም ይሁን። ባለሙያው የሚያየው የደመወዝና የደንበኞች ዝርዝርም የሌሎች ሰዎች መረጃ ስለሆነ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በውሉ ውስጥ ሊታሰብ ይገባል። ሥራ ማቋረጥ ደግሞ ከጊዜ ገደብ ዋዜማ አይፈቀድ። ዓመታዊው ማስታወቂያ የሚቀርበው እስከ ጥቅምት 30 ለሆነ ግብር ከፋይ፣ በጥቅምት 20 የሚሰጥ የስንብት ደብዳቤ መሰናበቻ ሳይሆን ቅጣት ነው።

ከአዳራሹ የቀረበልኝን አንድ ጥያቄ መልሼ ላብቃ። ጠያቂው በአንድ ድርጅት በደመወዝ ተቀጥሮ፣ ማታ ማታ ደግሞ ለሦስት ነጋዴዎች የግብር ሥራ የሚሠራ ባለሙያ ሁኔታው ምን እንደሆነ ጠይቋል። እያንዳንዱ ግንኙነት ለየብቻ ይታያል። ደመወዙ በሠንጠረዥ ሀ ግብር ተቀንሶለት ያልቃል፤ ከሦስቱ ነጋዴዎች የሚያገኘው ግን በሠንጠረዥ ሐ የሚወድቅ የንግድ ሥራ ገቢ ነው። ስለዚህ ፈቃድና ደረሰኝ ይኑረው፤ ወጪውን ቀንሶ የራሱን ማስታወቂያ ያቅርብ። ለአሠሪው በጽሑፍ ያሳውቅ፤ የቅጥር ውሉ ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነም ያስፈቅድ። ከሦስቱ አንዱ ከአሠሪው ጋር የሚገበያይ ሆኖ ከተገኘ ግን የሻጩንና የገዢውን ደረሰኝ በአንድ እጅ መያዝ ስለሚሆን ያንን ሥራ አይቀበል።